መልስ፦ ዝናብ ሳይጥል ኪንግ ስትሪት ለምን በውሃ ይሞላል?

እህቴ፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን፣ ኪንግ ስትሪት ወንዙ ጋ የሚያልቅበት ቦታ ያቆምሽው መኪና ጎማው ውሃ ውስጥ ገብቶ እንዳገኘሽው ጽፈሽ «ቧንቧ ፈንድቶ ይሆን?» ብለሻል። ቧንቧ አይደለም። ወንዙ፣ ፖቶማክ፣ እዚያ ጋ ተራ ወንዝ ይምሰል እንጂ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጋር አብሮ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ሙላቱ ይበረታል፤ በዚያ ላይ የደቡብ ነፋስ ከታከለበት ውሃው ሽቅብ ይገፋል።

ውሃው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው በመንገዱ የፍሳሽ መውረጃ በኩል ነው። ልብ ብለሽ ካየሽ በብረት ፍርግርጉ መሀል ቅጠልና የሲጋራ ቁራጭ እየተሽከረከረ ውሃው ከታች ወደ ላይ ሲፈልቅ ታያለሽ። ያኔ ሳትዘገዪ መኪናሽን አንሺ።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል የተባለው አውሎ ነፋስ ውሃውን ወደ ወንዙ ነድቶት በዚያው መንገድ ላይ ሰው በጀልባ ቀዝፏል።

ምድር ቤት የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ እባክሽ ይህን እወቂ፦ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ማዕበሉ በዜና ከተነገረ ወዲያ መሮጥ አያዋጣም። ለመኪናሽ «ኮምፕሪሄንሲቭ» (ከግጭት ውጪ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባ የመኪና ኢንሹራንስ) ካለሽ ግን የጎርፍ ጉዳት ይሸፈናል፤ ወረቀትሽን ዛሬውኑ እዪው። ውሃ ወደ ሞተሩ ገብቷል ብለሽ ከጠረጠርሽ መካኒክ ሳያየው አታስነሺው።