የድሮ ጌም ካሴት፣ ዳውንሎድ ወይስ ኢሙሌተር? ጠይቁኝ

ካሴት ጠጋኙ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ የድሮ ኮንሶልና ካሴት ስጠግን 14 ዓመት ሞላኝ። ዛሬ ማታ ነፃ ነኝ፣ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፦ ከአሜሪካ ወይ ከጃፓን የመጣ ኮንሶል ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ 220 ሶኬት ላይ እንዳትሰኩ።

የጀሞ ልጅ፦ ወንድሜ ከዴንቨር ወፍራሙን ፕሌይስቴሽን 2 (ፒኤስ2) ልኮልኝ ትናንት ደረሰ። አዲስ አበባ ይሰራል አይደል?

ካሴት ጠጋኙ፦ አሁን የጻፍኩትን አንብበሃል? ወፍራሙ ፓወር ሰፕላዩ ሆዱ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ ስንት ቮልት እንደሚል አይተህ ጻፍልኝ፣ እስከዚያ አትሰካው።

ሳሪስ፦ ኢሙሌተር ህገወጥ ነው የሚሉት እውነት ነው?

ካሴት ጠጋኙ፦ ኢሙሌተር ማለት ኮምፒውተርህን እንደ ድሮ ኮንሶል የሚያሰራ ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ህገወጥ አይደለም። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር የሰራውን ኮኔክቲክስ የሚባል ኩባንያ ከሶ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ይግባኝ ላይ ተረቷል። ያልገዛኸውን ጌም ከኢንተርኔት ማውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ከዚህ በላይ አልሄድም።

ሃና፦ እኔ ሁሉንም ዳውንሎድ ነው የምገዛው፣ ቤቴ ጠባብ ነው። ምን ችግር አለው?

ካሴት ጠጋኙ፦ ሃኒዬ፣ የገዛሽው ጌሙን ሳይሆን የመጫወት ፈቃድ ነው፣ ችግሩ እሱ ነው። ኒንቴንዶ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ ኮንሶሎቹን የዳውንሎድ መደብር ማርች 2023 ላይ ዘጋ፣ በዳውንሎድ ብቻ የወጡት ጌሞች ከዚያ ቀን በኋላ የሚገዙበት ቦታ ጠፋ። ዩቢሶፍት ደግሞ ማርች 31 ቀን 2024 ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨር ሲያጠፋ ዲስኩን ከሱቅ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠው ሰው ራሱ መጫወት አልቻለም፣ ስለዚህ ዲስክ አለኝ ብሎ መተኛትም አያዋጣም። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ሻጮቹ የምትገዙት ፈቃድ ነው ብለው በግልጽ እንዲነግሩ በህግ አስገድዳለች። ቤትሽ ከጠበበ ጂኦጂ (GOG) የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ላይ ግዢ፣ መጫኛ ፋይሉን በራስሽ ሀርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ የማንም ሰርቨር አያሻሽም።

ቢኒ፦ አሮጌ ጌሞች አሉኝ፣ ስንት ያወጣሉ?

ካሴት ጠጋኙ፦ የትኞቹ? የምን ኮንሶል? ካርቶን አላቸው? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ዮኒ አትላንታ፦ የልጅነቴን ፖኬሞን ጎልድ እናቴ ቤት አገኘሁት፣ ይከፈታል ግን ሴቬ (የደረስኩበት ጨዋታ የተቀመጠበት) የለም። ተበላሸ ማለት ነው?

ካሴት ጠጋኙ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ካሴቱ ደህና ነው፣ የሞተው ባትሪው ነው። ሴቭህ የሚቀመጥበት ሜሞሪ መብራት ሲቋረጥበት የሚረሳ ዓይነት ስለሆነ ካሴቱ ውስጥ 3 ቮልት የሆነች ባትሪ ሌት ተቀን ትመግበዋለች፣ ጎልድና ሲልቨር ላይ ደግሞ ይቺው ባትሪ ሰዓቱንም ጭምር ስለምታስኬድ ከቀደሙት ፖኬሞን ሬድና ብሉ ቀድማ ታልቃለች። ያንተ ሴቭ ሄዷል ወንድሜ፣ አይመለስም። ለወደፊቱ ግን በ3.8 ሚሊሜትር መፍቻ ትከፍተዋለህ፣ ሲአር2025 የሚለውን፣ የብረት ጆሮ አብሮት የተበየደለትን ባትሪ ትገዛለህ፣ አሮጌውን ነቅለህ ፕላስና ማይነሱን ሳታቀያይር ጆሮውን ሶልደር ታደርጋለህ (በቀለጠ ቆርቆሮ ታያይዘዋለህ)። ባትሪው ገላ ላይ ቀጥታ ሶልደር እንዳታደርግ፣ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ሴቫችሁ ያልጠፋ ሰዎች ደግሞ ስሙኝ፦ ባትሪውን ከመንካታችሁ በፊት ሴቩን በካሴት ማንበቢያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ካሴቱን በሶክስ ጠቅልሎ አመጣልኝ፣ ባትሪው ሲለካ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መጀመሪያ ገለበጥነው፣ 32 ኪሎባይት ነው ጠቅላላው፣ ባትሪውን ቀይሬ መልሼ ጫንኩለት። ሲከፍተው የመጀመሪያዋ ፖኬሞን በአያቱ ስም እንደተጠራች አለች። አያቱ ካረፉ 9 ዓመታቸው ነው። ልጁ እዚያው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ምን እንደምለው ጠፋኝ።

ኪያ፦ ሶልደር ስለሌለኝ ባትሪውን በፕላስተር ባስረውስ?

ካሴት ጠጋኙ፦ አይሆንም። ካሴቱ ሲንቀሳቀስ ይላቀቃል፣ ሴቭህም አብሮ ይጠፋል።

ቴላቪቭ፦ ከጃፓን ሱፐር ፋሚኮም የሚባለውን የኒንቴንዶ ኮንሶል አዝዣለሁ፣ የሌላው ኒንቴንዶ፣ የኔስ (NES)፣ አዳፕተር አለኝ፣ ሶኬቱ ይገባል።

ካሴት ጠጋኙ፦ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም! የአሜሪካው ኔስ አዳፕተር የሚሰጠው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው፣ ሱፐር ፋሚኮም ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ) ነው የሚፈልገው። ትገድለዋለህ። አንብቡ እያልኩ ነው።

ማሜ፦ ስለ መሰብሰብ ስታወሩ ይገርመኛል፣ አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ኦሪጅናል ዲስክ ማን አይቶ ያውቃል? ሁሉም ኮፒ ነበር። ኮፒ ደግሞ ኮሌክሽን አይባልም።

የጀሞ ልጅ፦ ለምን አይባልም? እኔ 40 የሚሆን አለኝ፣ የኳስ ጌሙ ዊኒንግ ኢለቨን ብቻ 11 ነው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበት።

ማሜ፦ ለሻጭ ውሰደውና ስንት እንደሚሰጥህ እይ።

የጀሞ ልጅ፦ ልሸጠው መች አልኩ? ትምህርት ቤት ጠፍቼ የተጫወትኩበት እሱ ነው።

ሃና፦ ማሜ ልክ ነው ግን፣ ኦሪጅናሉን የሰሩት ሰዎች ከኮፒው ሳንቲም አላገኙም።

ካሴት ጠጋኙ፦ ሃና ያነሳችው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ማሜ፣ ኦሪጅናሉ በሚሊዮን የታተመ ነው፣ ኮናሚ ፒኤስ2 ላይ እስከ ፔስ 2014 (ያው ዊኒንግ ኢለቨን ነው) ድረስ አውጥቷል፣ የትም ታገኘዋለህ። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የዓመቱን ዝውውር አስገብቶ፣ ማሊያውን ቀይሮ ያቃጠላት (ባዶ ዲስክ ላይ የጻፋት) ዲስክ ግን የትኛውም መደብር ውስጥ የለችም፣ ስትሞት ሞተች። እቤት የተቃጠለ ዲስክ ቀለሙ በሙቀትና በብርሃን ስለሚበላሽ ከፋብሪካው ቀድሞ ነው የሚሄደው። ጀሞ፣ እነዚያን 11 ዲስኮች ተራ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ውስጥ አስገብተህ አይኤስኦ (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ የሆነ ፋይል) አድርጋቸው፣ ዛሬ ነገ አትበል። ፒሲኤስኤክስ2 የሚባለው የፒኤስ2 ኢሙሌተር ላይ ይሰራሉ፣ ባዮሱን (የኮንሶሉን ማስነሻ ፕሮግራም) ከራስህ ፒኤስ2 ታወጣለህ። የእስክሪብቶውንም ጽሁፍ ፎቶ አንሳው፣ ማን መቼ እንደሰራው የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ሳሪስ፦ ኢሙሌተር ላይ ቁልፉ ይዘገያል፣ ለምን?

ካሴት ጠጋኙ፦ ብዙውን ጊዜ ቲቪው ነው። ቲቪህን ጌም ሞድ ላይ አድርገው፣ ካልሆነ ድሮ ሆዱ ትልቅ የሆነውን ቲቪ ፈልግ።

ቢኒ፦ እና የኔ ጌሞች ስንት ያወጣሉ?

ካሴት ጠጋኙ፦ ቢኒ፣ ስማቸውን ጻፍ።

የጀሞ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጀርባውን አየሁት፣ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ይላል፣ ሌላ ቁጥር የለውም።

ካሴት ጠጋኙ፦ ጎበዝ። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ፣ ከ100 ዋት በላይ የሚችል ትራንስፎርመር ግዛ። እስከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ፣ አንተ ዲስኮቹን መገልበጥ ጀምር።