ትልልቆቹን ላሰናብታቸው ወይ? ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ወር ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጂም ልምምድ ጨርሰን ወንበር እያጣጠፍን ሳለ አንድ ልጅ ጠጋ አለኝ። ልጅ እለዋለሁ እንጂ 24 ዓመቱ ነው። ትንሽ እያለ የቅርጫት ኳስ ማንጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን እሁድ እሁድ የሚጫወት የሐበሻ ልጆች ቡድን ይዟል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ሁለቱን ትልልቆች አሰናብቼ በልጆቹ ብቻ ብሠራስ? ዘንድሮ ብንሸነፍም ግድ የለም። ኦክላሆማም እንዲሁ አይደል ያደረገው?»

ቶሎ አልመለስኩለትም። «እናወራለን» ብዬው ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ግን ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ሌላ ሰው ነበር። ካየሁት 37 ዓመት የሆነው ሰው።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩልህ። ጓደኞችህም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ስለ ኤንቢኤው፣ ስለ አሜሪካው ትልቅ የቅርጫት ኳስ ሊግ፤ ሐሳቡን ያመጣኸው እዚያ ከሚጫወተው ከኦክላሆማ ቡድን ነውና። (የአሜሪካውን ሳወራ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ደካማ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ድራፍት (አዳዲስ ልጆች ወደ ሊጉ የሚመረጡበት) ላይ ከፊት የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ፕሌይኦፍ (የመጨረሻው ጥሎ ማለፍ) ያልገቡት 14 ቡድኖች ሎተሪ ይወጣላቸዋል። ዱሮ መጨረሻ የወጣው ቡድን አንደኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድሉ 25 በመቶ ነበር። ያ ደግሞ ሆን ብሎ መሸነፍን አመጣ። በ2019 ሕጉ ተቀየረና መጨረሻ የወጡት ሦስቱ እኩል 14 በመቶ ሆኑ። መጨረሻ የወጣውም እስከ አምስተኛ ምርጫ ሊወርድ የሚችል ሆነ። ዲትሮይት በ2023ም በ2024ም መጨረሻ ወጥቶ ሁለቴም አምስተኛ ነው የደረሰው።

በዚህ መንገድ ርቆ የሄደው ፊላደልፊያ ነው። ሳም ሂንኪ በ2013 ቡድኑን ተረከበና ተጫዋቾቹን ለሌሎች ቡድኖች እየሰጠ የድራፍት ምርጫ ሰበሰበ። በሦስት የውድድር ዘመን 19፣ ቀጥሎ 18፣ ቀጥሎ 10 ጨዋታ አሸነፉ። ከ82ቱ 10! እርግጥ ኤምቢድ የተባለውን ተጫዋች አግኝተዋል፤ እሱም በ2023 የሊጉ ኮከብ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ግን ቡድኑ አንዴም ከፕሌይኦፉ ሁለተኛ ዙር አላለፈም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። 10 ጨዋታ ብቻ ባሸነፉበት በዚያ ዓመት መሀል፣ ጥር 2016 ላይ፣ ኤልተን ብራንድን ጠርተው አመጡት። 36 ዓመቱ ነው፤ መጫወት አቁሞ ቤቱ ተቀምጧል። ለነጥብ ብለው አይደለም ያመጡት። ልጆቹ አጠገብ ትልቅ ሰው እንዲኖር ነው። ያን ዜና ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በ1981 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን ተሰጠኝ። 31 ዓመቴ ነበር። መጫወቱን ጉልበቴ አስትቶኝ ወደ አሰልጣኝነት ገና መግባቴ ነው። ቡድኑ አርጅቷል ይባል ነበር፤ እውነትም አርጅቶ ነበር። የስፖርት ኮሚቴው «በሁለት ዓመት ውስጥ ወጣት አድርገው» አለኝ። እኔ በአንድ ቀን አደረግኩት።

ሜዳው አስፋልት ነበር፤ ጣሪያ የለውም። በአንደኛው ቅርጫት ሥር አስፋልቱ ሰርጉዶ ስለነበር ዝናብ ሲጥል ውሃ ያቁራል። ክረምት ላይ ያ ውሃ ሳይጠረግ ልምምድ የለም። የሚጠርገው አምበሉ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ከሁላችን ቀድሞ ይመጣል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልላል። የዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አንስቶ ውሃውን ወደ ቦዩ ይገፋል። ከዚያ ተንበርክኮ በአሮጌ ጨርቅ ቅርጫቱ ሥር ያለውን ያደርቃል፤ ጨርቁን ይጨምቃል፤ ደግሞ ያደርቃል። እኛ ስንደርስ ሜዳው ዝግጁ ነው። እንዴት እንደደረቀ ጠይቄ አላውቅም።

34 ዓመቱ ነበር። መሮጥ ከብዶታል። ሃያ ደቂቃ ከተጫወተ በማግስቱ ያነክሳል። አብረን አምስት ዓመት ተጫውተናል፤ የመጀመሪያዋን ጥሩ ጫማዬን የሰጠኝም እሱ ነው።

ነሐሴ ላይ የአምስት ሰው ስም ያለበት ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። «ላበረከታችሁት አገልግሎት እናመሰግናለን» ይላል። የእሱ ስም ከላይ ነበር። ለአንዳቸውም በአፌ አልነገርኩም። ፈርቼ ነው። ዓይኑን እያየሁ መናገር አልቻልኩም፤ ወረቀት ግን ዓይን የለውም።

በዚያ ቀን 11 ሰዓት ላይ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። እኔ ዕቃ ቤቱ መስኮት ጋ ቆሜ አየዋለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆመ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሱሪውን ጠቀለለና መጥረጊያውን አነሳ። ውሃውን ጠረገ። ተንበርክኮ በጨርቁ አደረቀ። መጥረጊያውን ቦታው መልሶ፣ ዘበኛውን ጨብጦ ወጣ።

እኔ ከዕቃ ቤቱ አልወጣሁም።

በሚቀጥለው ልምምድ አሥራ ሁለቱም ልጆች መጡ። ዘንቦ ነበር። ሜዳው ዳር ተደርድረው ውሃውን ያያሉ። ማን ይጥረግ? አንዱ ሌላውን ያያል። ጮኽኩባቸው። ሁለቱን በግድ አስጠረግኩ። በሳምንቱ ዝናብ ሲጥል ግማሾቹ ከነጭራሹ አልመጡም። መጥረጊያውን እኔ ራሴ ማንሳት እንደምችል እንኳ ትዝ ያለኝ በኅዳር ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ።

ከ14 ጨዋታ ሁለት አሸነፍን። ሽንፈቱን ጠብቄዋለሁ። ያልጠበቅኩት አውቶቡስ ውስጥ ያየሁትን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ተሸንፈን ስንመለስ ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። አንዱ ልጅ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ አልቅሷል። አምስተኛው ሽንፈት ላይ ሙዝ እየበሉ ይሳሳቃሉ። ስምንተኛው ላይ በ22 ነጥብ ተሸንፈን ከኋላ ወንበር ዘፈን ተጀመረ። «ልጆች ናቸው፣ ተዋቸው» ያለኝ ሰው ነበር። እኔ ግን ሆዴ ቦጭ አለ። ሽንፈትን ለምደውታል። ያስለመድኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። በመስከረም ሰብስቤያቸው «ዘንድሮ ብንሸነፍም ግድ የለም» ብያቸዋለሁ። አንተ ባለፈው ያልከኝን ቃል በቃል።

ከልጆቹ አንዱ 17 ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ98። እጁ የገባ ኳስ አያመልጠውም። ዕቅዴ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። አምበሉ እያለ ከኋላው ሆኖ «ግራህን! ግራህን እይ!» ይለዋል፤ ልጁም ይዞራል። አምበሉ ከሄደ በኋላ ግራውን ማየት ተወ። እኔ ከዳር ስጮህ አይሰማኝም፤ ሜዳ ውስጥ አጠገብህ ያለ ድምፅና ከዳር የሚመጣ ድምፅ አንድ አይደለም። ሌላ ረጅም ስላልነበረኝ በየጨዋታው 40 ደቂቃ አጫወትኩት። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱን አመመው። ከዚያ ቀረ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መርካቶ ውስጥ አገኘሁት። የጨርቅ ሱቅ ነበረው። አቅፎ ሳመኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አምበሉ ነው። «ደህና ናቸው? ያገኟቸዋል?» አለኝ። የት እንዳለ አላውቅም ነበር።

እና «ትልልቆቹን ላሰናብታቸው ወይ?» ስትለኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

ትልቅ ሰው ካለ ሁሉ ነገር ይስተካከላል እያልኩህ ግን አይደለም። በ2001 እዚህ ዋሽንግተን ገና አዲስ ነበርኩ። ሌሊት ሌሊት የከተማው ቡድን ዊዛርድስ በሚጫወትበት በኤምሲአይ ሴንተር አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሐበሾች ወሬያቸው ሁሉ እግር ኳስ ነው፤ ስለ ቅርጫት ኳስ የማወራው ከአንድ የሐረር ልጅ ጋር ብቻ ነበር። የዚያን ዓመት ዊዛርድስ ክዋሚ ብራውንን መረጡ። ከሃይስኩል በቀጥታ መጥቶ አንደኛ የተመረጠ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። ያስመረጠው ማይክል ጆርዳን ነው፤ ያኔ የቡድኑ ኃላፊ ነበር። ወዲያው ደግሞ ጆርዳን ራሱ ጫማውን አጥልቆ ሊጫወት ተመለሰ። እኔና የሐረሩ ልጅ «ከዚህ በላይ አስተማሪ ከየት ይመጣል!» ብለን ነበር። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ ያስቆጠረው 4.5 ነጥብ ነው። በ2005 ወደ ሌከርስ ሄደ። ለ19 ዓመት ልጅ አንደኛ መባሉ ብቻውን ከባድ ሸክም ነው፤ ከጆርዳን ጎን መቆም ሲጨመርበት ደግሞ አስበው።

ስለዚህ የምፈልገው ስሙ የገነነውን አይደለም። መጥረጊያውን የሚያነሳውን ነው።

አንጋፋውን ክሪስ ፖልን እይልኝ። በ2019 ኦክላሆማ ሲመጣ ብዙ ሰው ለአፍታ ነው ብሎ ነበር። ሼይ የተባለው ወጣት አጠገቡ አንድ ዓመት ተጫወተ፤ ቡድኑም 44 አሸንፎ 28 ተሸነፈ። ያው ክሪስ ፖል በ39 ዓመቱ ወጣቱ ዌምባንያማ ወዳለበት ሳን አንቶኒዮ ገባና 82ቱንም ጨዋታ ተጫወተ። በ39 ዓመት አንድም ሳይቀር! አጠገብህ ያለው ሽማግሌ በየቀኑ ሲመጣ እያየህ «ዛሬ ደክሞኛል» ማለት ያሳፍራል።

ዲትሮይትም በ2023 በተከታታይ 28 ጨዋታ ተሸንፎ ውድድሩን በ14 ድል ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ልጆች ይዞ፣ አሰልጣኝ ቀይሮ፣ እንደ ቶባያስ ሃሪስ ያሉ የበሰሉ ሰዎች ጨምሮ 44 አሸነፈ። ልጆቹ ክረምቱን አዲስ ችሎታ ስለተማሩ ብቻ ነው ብለህ ብትከራከረኝ አልቀበልህም።

ኦክላሆማን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ እዚያ ላይ ክርክሬ ይላላል። ክሪስ ፖል ከሄደ በኋላ ሁለት ዓመት በልጆች ብቻ ተጫወቱ ማለት ይቻላል። አል ሆርፎርድ የሚባል ጥሩ አንጋፋ ነበራቸው፤ 28 ጨዋታ አጫወቱትና ውድድሩ ሳያልቅ ከሜዳ አራቁት። ታኅሣሥ 2021 ላይ ሜምፊስ በ73 ነጥብ አሸነፋቸው፤ 152 ለ79። በኤንቢኤ ታሪክ ትልቁ ሽንፈት ነው። እነዚያ ልጆች በኔ ሒሳብ መበላሸት ነበረባቸው። አልተበላሹም። በ2025 ዋንጫ አነሱ። ይህን እያወቅኩ «ልጆችን ብቻ ይዞ አይሆንም» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ልነግርህ አልችልም።

ምናልባት ልዩነቱ ይህ ነው፦ ውጤቱን ለቀቁት እንጂ ሥራውን አልለቀቁትም። አሰልጣኛቸው ማርክ ዴይግኖልት ከዋናው ቡድን በፊት ወጣቶች የሚያድጉበትን ሁለተኛ ቡድናቸውን ያሠለጠነ ሰው ነው፤ ልጅ ማስተማር ሥራው ነበር። ደግሞ አንተ እንደምታስበው ሁሉንም በድራፍት አላገኙም። ሼይ የመጣው ኮከባቸውን ፖል ጆርጅን ለሌላ ቡድን ሲያዘዋውሩ ነው። ጄለን ዊልያምስን በ12ኛ የመረጡበትም ዕድል ከዚያው ዝውውር የተገኘ ነው። ጊዜው ሲደርስ ልምድ ያላቸውን ካሩሶንና ሃርተንስታይንን አመጡ።

እናንተ ግን የምታዩት የመጨረሻውን ዋንጫ ነው፤ እሱንም በስልክ፣ በ40 ሴኮንድ ቪዲዮ። ሙሉ ጨዋታ የሚያይ ወጣት ካገኘሁ ቆየሁ። የተጫዋቹን ደመወዝ እስከ ሳንቲሙ ታውቃላችሁ፤ ስክሪን የሚያቆምለትን፣ በሰውነቱ ተከላካይ ዘግቶ መንገድ የሚከፍትለትን ሰው ስም አታውቁም። ሁለት ዓመት መጠበቅ ደግሞ ዘላለም ይመስላችኋል። ይህን ስል በእኛ ጊዜ የነበረውም ያማረ አልነበረም። እኔ በ24 ዓመቴ አሰልጣኜን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ አልደፍርም ነበር። ብደፍር ኖሮ ምናልባት ያን ወረቀት አልለጥፍም ነበር። አንተ ጠይቀሃል፤ አከብርሃለሁ።

ስለ ልምምድ ሰዓት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ አልጽፍልህም፤ ታውቀዋለህ። ልጆቹን ግን «ብንሸነፍ ግድ የለም» እንዳትላቸው። ልጆቹ ላይ እንደምትሠራ ለራስህ እወቀው፤ ለእነሱ ግን እያንዳንዷን እሁድ ለማሸነፍ እንደመጡ ንገራቸው። ሲሸነፉም ለምን እንደተሸነፉ አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩት። ሁለቱን ትልልቆች በተመለከተ ደቂቃ ቀንስባቸው፤ መቀነስ ተገቢ ነው፣ እግራቸው ከድቷቸዋል።

ባለፈው እሁድ ሳልነግርህ መጥቼ ከላይ ተቀምጬ ነበር። አንደኛው፣ ደለስ ኤርፖርት ሌሊት የሚሠራው፣ ዓይኑ ቀልቶ ነው የመጣው። ስድስት ደቂቃ አስገባኸው። ጨዋታው ሲያልቅ አንተ ጠረጴዛው ጋ ነጥብ እየደመርክ ስለነበር አላየኸውም። ያንን የ16 ዓመት ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን በቴፕ ይጠቀልልለት ነበር። አንዴ ጠቀለለው። ልጁ ተነስቶ ረገጠና ፊቱን ጨፈገገ። ሰውየው ቴፑን ፈትቶ ከመጀመሪያው ጀመረ።

የምትወስነውን ወስን፤ ቡድኑ ያንተ ነው። ብቻ የወሰንከውን በቴክስት እንዳትልክላቸው።