ጥልፉ ሸማውን ለምን ይሰበስበዋል?

ጥያቄው ከቢቸና ነው፦ «ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አሥር በአሥር ሳንቲሜትር ፍሬም ያላት የብራዘር ጥልፍ ማሽን ገዛሁ። ለፕሮግራም የምከፍለው ስላልነበረኝ ነፃ የሆኑትን የሥዕል ፕሮግራም ኢንክስኬፕንና በውስጡ ሥዕልን ወደ ጥልፍ የሚቀይረውን ኢንክስቲችን ጫንኩ። የቀሚስ መስቀል በፎቶ አንስቼ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ጥልፍ እንዲቀይረው አደረግሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያምራል። ሸማ ላይ ስሰፋው ግን ዙሪያው ይጨማደዳል፣ የጠርዙ መስመርም ከመሃሉ ጋር አይገጥምም፤ በመካከላቸው ነጭ ክፍተት ይታያል። ጥፋቱ የማሽኑ ነው የፕሮግራሙ?»

እህቴ፣ የሁለቱም አይደለም። ብዙ ሺህ ብር የሚጠየቅበትን ፕሮግራም ገዝተሽ በዚሁ መንገድ ብትሠሪ ውጤቱ ያው ነበር። ማሽኗ የታዘዘችውን ነው የሰፋችው። ሸማ ላይ እንደምትሰፊ ግን ለፕሮግራሙ የነገረው የለም።

ክር ሲጠብቅ መርፌ የገባባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች ያቀራርባቸዋል። አንድ መስቀል ውስጥ ይህ በሺዎች ጊዜ ይደገማል። ስለዚህ ጥልፉ ክሩ በተኛበት አቅጣጫ ያጥራል፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋል። ስክሪን ላይ ክብ የነበረው ጨርቅ ላይ ሞላላ ይሆናል። የጠርዙ መስመር ግን በተሣለበት ቦታ ይሰፋል፤ መሃሉ ሸሽቶት ሄዷል። ያየሽው ነጭ ክፍተት ይኸው ነው።

በሸማ ይብሳል። ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል፤ አንዱ ጠንከር፣ ሌላው ላላ ይላል። አንድ ጥልፍ በድሩና በማጉ አቅጣጫ እኩል የማያጥረው ለዚህ ነው። ስንት እንደሚያጥር ከመገመት መለካት ይሻላል። ኢንክስኬፕ ላይ 20 ሚሊ ሜትር በ20 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ካሬዎች ሣዪ። ፓራምስ በሚለው የኢንክስቲች መስኮት የአንዱን የሙሌት (ቅርጹን በተደረደሩ የክር መስመሮች የሚሞላው ስፌት) አንግል 0፣ የሌላውን 90 አድርጊው። ከዚያው ደንበኛሽ ካመጣችው ሸማ በተረፈ ቁራጭ ላይ ስፊያቸውና ከፍሬሙ አውጥተሽ በማስመሪያ ለኪ። ክሩ በተኛበት አቅጣጫ 19.4 ከወጣ 0.6 ጠፍቷል፤ በየጎኑ 0.3 ማለት ነው። ይህን ቁጥር ኤክስፓንድ የሚለው ቦታ ላይ ጻፊው። አራቱንም ጎን ስለሚያሰፋ፣ ክሩ በሚገፋበት በኩል ሥዕሉን ትንሽ አሳጥሪው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለአንድ ዓይነት ሸማ አንዴ ከተለካ ደብተርሽ ላይ ይኖራል።

እዚያው ፓራምስ ውስጥ የሙሌቱን የመስመር ርቀት እዪው። ካልነካሽው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሸማ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ነው። እኔ 0.4 አደርገዋለሁ። ክር ይቆጥባል፣ ጨርቁም ይተነፍሳል። አንደርሌይ የሚለውን ግን አታጥፊው፤ ዋናው ስፌት ከመምጣቱ በፊት ሸማውን ከሥሩ ከሚነጠፈው ማጠንከሪያ ጨርቅ ወይም ወረቀት ጋር የሚያሲዘው እሱ ነው።

ፎቶውን በራሱ ማስቀየሩን ተዪው። የክሩን አቅጣጫ የሚመርጥ ጥላፊ እንጂ ፎቶ አይደለም። በራሱ ሲቀየር በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦችና ሽርፍራፊ ቅርጾች ይወጣሉ፤ ማሽኗም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘል ትውላለች። ፎቶውን ከሥር አድርገሽ ቆልፊውና ከላዩ በብዕሩ ራስሽ ሣዪ። የመስቀሉ ክንዶች ከ1 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ካላቸው ሙሌት ሳይሆን ሳቲን (ክሩ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው እየተመላለሰ የሚሰፋበት ስፌት) አድርጊያቸው። መስመር ሥለሽ ወደ ሳቲን የሚቀይር ትእዛዝ ኢንክስቲች ውስጥ አለ። ሳቲን ጠርዙን ራሱ ስለሚያወጣ ዙሪያውን የሚከብ መስመር አያስፈልገውም፤ ያስቸገረሽ ክፍተትም መስመሩ ከሌለ የለም። ለሳቲኑ ፑል ኮምፐንሴሽን የሚለውን (የሚያጥረውን ለማካካስ ስፌቱን የሚያሰፋውን) ከ0.2 ሚሊ ሜትር ጀምረሽ እንደ ካሬው እየለካሽ አስተካክዪ። ከ7 በላይ ለሰፋው ሳቲን አይሆንም፣ ክሩ ጥፍርና ቀለበት ላይ እየተያዘ ይመዘዛል፤ እሱን በሙሌት ሥሪው።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ በኦብጀክትስ ዝርዝር ታስተካክያለሽ፤ ከታች ያለው ቀድሞ ይሰፋል። ከመሃል ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርጊው። ከዳር ከጀመርሽ ትርፍ ጨርቁ መሃል ላይ ይሰበሰባል፣ መውጫም የለው። ከመስፋትሽ በፊት ስፌቱን ስክሪን ላይ አስቀድሞ የሚያሳየውን ሲሙሌተር ከፍተሽ እስከ መጨረሻ ተመልከቺ።

አወጣጠሩም አለ። ሥራ ስጀምር ሸማውን እንደ ከበሮ ወጥሬ ሰፋሁና ፍሬሙ ውስጥ እያለ ተደሰትኩበት። ሳወጣው የተለጠጠው ሸማ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ጥልፉ ግን አልተመለሰም። ለባለቤቷ አዲስ ሸማ ከኪሴ ገዛሁ። የሚወጠረው ማጠንከሪያው ነው። ሸማውን ከላዩ ሳትስቢ አንጥፊውና ከጥልፉ ውጭ ዙሪያውን በረጃጅም የእጅ ስፌት ያዥው።

ስታስቀምጪ መጀመሪያ ሥዕሉን በሚይዘው የኤስቪጂ ፋይል፣ ቀጥሎ ቅጂውን ማሽኗ በምታነበው የፒኢኤስ ፋይል አድርጊ። ፒኢኤሱ ውስጥ ያለው የመርፌ ነጥብ ነው፤ ነገ ሳቲኑን ላስፋው ብትዪ የምትመለሽው ወደ ኤስቪጂው ነው። የመስቀሉም ስፋት ከ10 ሳንቲሜትር እንዳያልፍ፤ ካለፈ ለሁለት ከፍለሽ በሁለት ፋይል አስቀምጪው፣ መገጣጠሚያውንም ሁለት ክንዶች በሚገናኙበት ቦታ አድርጊው፤ እዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትስቺ እንኳ ዓይን አይዘውም።