ባጃጇን ሸጦ ዲቪዚዮን 3?

ጥያቄ

ጋሼ እንደምን ከረሙ። እኔ ጅማ መንቲና ነው የምኖረው፣ ስራዬ ባጃጅ ነው። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ አጥቂ ነው፣ በሰፈር ከሱ የሚፈጥን የለም፣ በግራ እግሩ ከመታ ደሞ በረኛው ዞሮ መረቡን ነው የሚያየው። ሰሞኑን አንድ ሰው መጣና ስዊድን ዲቪዚዮን 3 የሚጫወት ክለብ አውቃለሁ፣ ሙከራ አስገባዋለሁ፣ 250 ሺህ ብር አዘጋጁ አለን። በዓመቱ ወደ ትልቁ ሊግ ይወጣል፣ የስዊድኑ አጥቂ አሌክሳንደር ኢሳቅም ከታች ነው የተነሳው ብሎናል። እናታችን ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጥታለች። እኔም ለባጃጇ ገዢ አግኝቻለሁ፣ ግን ልቤ አልቆረጠም። ይሄ ዲቪዚዮን 3 የሚሉት ነገር ምንድነው? ልጁስ ሄዶ ምን አይነት ኑሮ ነው የሚኖረው?

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባጃጇን እንዳትሸጣት። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን ግን ይሄን ሳታነብ ገዢው እንዳይመጣብህ ብዬ ነው አስቀድሜ የፃፍኩት።

አሁን ስለ ሊጉ። የስዊድን እግር ኳስ መሰላል ነው፣ ከላይ አልስቬንስካን አለ፣ 16 ክለብ ነው፣ ከ1924 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለ ሊግ። ከሱ ስር ሱፐረታን፣ እሱም 16 ክለብ። ሶስተኛው ኤታን ይባላል፣ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ፣ እያንዳንዱ 16 ክለብ። አራተኛው ዲቪዚዮን 2 ነው፣ 6 ምድብ አለው በየምድቡ 14 ክለብ። ከዛ በኋላ ነው ያንተ ሰውዬ የሚለው ዲቪዚዮን 3 የሚመጣው፣ 12 ምድብ በየምድቡ 12 ክለብ፣ ማለት 144 ክለብ። ስሙ 3 ስለሆነ ሶስተኛ ደረጃ እንዳይመስልህ፣ አምስተኛ ደረጃ ነው። እኛ ጋ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግ ብለህ ከቆጠርክ ከዛም ሁለት እርከን ወርደህ ማለት ነው። ከታች ያለው በየዓመቱ አንደኛ ከወጣ ያድጋል፣ መጨረሻ የወጣው ይወርዳል፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ግን ከዲቪዚዮን 3 አልስቬንስካን ለመድረስ አራት ጊዜ ማደግ አለብህ፣ በዓመት ውስጥ የሚባል ነገር የለም።

ኑሮውን ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ደሞዙን ብቻ ነው። የዲቪዚዮን 3 አጥቂ ማለት ጠዋት ተነስቶ ስራ የሚሄድ ሰው ነው። መጋዘን ውስጥ እቃ የሚያነሳ፣ መምህር የሆነ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። ማታ ልብሱን ቀይሮ ልምምድ ይሄዳል፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴ፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ ጨዋታ። የውድድር ጊዜያቸው ከሚያዝያ ገደማ እስከ መኸር ነው ምክንያቱም ክረምታቸው በረዶ ነው፣ ስለዚህ ጥር ላይ ልምምድ ሲጀምሩ ሰው ሰራሽ ሳር ላይ ነው፣ ጣትህ ደንዝዞ የጫማህን ማሰሪያ ማሰር ያቅትሃል። ሰሜን ያሉት ደሞ ለአንድ ጨዋታ ብዙ ሰዓት በአውቶብስ ይሄዳሉ፣ አገሩ ረጅም ነው። ሜዳው ዳር አንድ ትንሽ ሱቅ አለች፣ ቋሊማና ቡና የሚሸጥባት፣ የሚሸጡት የክለቡ አባላት ናቸው በነፃ። ክለቡ የአባላቱ ነው፣ በህጋቸው አብዛኛው ድምፅ ከአባላት እጅ አይወጣም፣ ባለሃብት መጥቶ አይገዛውም። እዛ ደረጃ ላይ ላለ ለአብዛኛው ተጫዋች ክፍያ የሚባለው የትራንስፖርት፣ የጫማ፣ ምናልባት ትንሽ ማበረታቻ ነው፣ በሱ ቤት ተከራይቶ መኖር ቀርቶ...። እና እዚህ ጋ ልብ በልልኝ፣ እኔ ይሄን ኑሮ እያሳነስኩት አይደለም! እኔ እንደውም የማከብረው ነው። 15 ዓመት ሙሉ መቶ ሰው በማይሞላው ሜዳ ላይ ጎል ሲያገባ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም ወደ ዲቪዚዮን 5 ወርዶ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት፣ ከዛ የሰፈሩን ህፃናት የሚያሰለጥን ሰው፣ ይሄ ሙሉ የእግር ኳስ ህይወት ነው። ግን የሚሆነው እዛው ተወልዶ እዛው ስራ ላለው ሰው ነው። ከጅማ ባጃጅ ተሽጦ የሚኬድበት ኑሮ አይደለም።

ስለ ኢሳቅ የተባለው ውሸት ነው። ኢሳቅ ስቶክሆልም አጠገብ ሶልና ነው የተወለደው፣ ወላጆቹ ኤርትራዊ ናቸው፣ ከህፃንነቱ ኤአይኬ የሚባል ክለብ ውስጥ አደገ፣ በ2016 እ.ኤ.አ በ16 ዓመቱ በቀጥታ አልስቬንስካን ላይ ገባ፣ በዛው ዓመት 10 የሊግ ጎል፣ በ2017 ዶርትሙንድ ገዛው። ዲቪዚዮን 3 ረግጦ አያውቅም።

ከታች የወጣ አጥቂ ግን አለ፣ ሰውዬው የማያውቀው እሱን ነው። ሄንሪክ ላርሰንን ታስታውሰዋለህ? የሴልቲክና የባርሴሎናው። ሄልሲንቦርግ ከተማ ሆጋቦርግ የምትባል ትንሽ ክለብ ውስጥ 20 ዓመት እስኪሆነው ድረስ እየሰራ ነው የተጫወተው፣ ፍራፍሬ ማሸግ ነበር ስራው። ከዛ በ1992 እ.ኤ.አ ወደ ሄልሲንቦርግ ገባ፣ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነበሩ፣ በ31 ጨዋታ 34 ጎል! ክለቡ አደገ፣ እሱ በዓመቱ ፌየኖርድ ሄደ። በኋላ በ2006 የሻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ላይ ተቀይሮ ገብቶ ሁለቱንም የባርሳ ጎል ያመቻቸው እሱ ነው። አጥቂውን ቪክቶር ዮኬሬሽንም ጨምርበት፣ በ2016 ብሮማፖይካርና የሚባለው ክለብ ሶስተኛ ደረጃ ላይ እያለ ልጁ እዛ ነበር፣ በ2025 አርሰናል ገባ። ዝላታንም በ2000 ክለቡ ማልሞ ወርዶ ሱፐረታን ላይ ነው 12 ጎል አግብቶ ያሳደገው። ሶስቱንም እይልኝ፣ ሶስቱም እዛው አገር ያደጉ ናቸው፣ ሶስቱንም ያወጣቸው የተቆጠረ ጎል ነው፣ የከፈሉት ብር የለም።

ይሄ ደሞ ለኛ ለጅማ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። 2010 ዓ.ም ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ሲበላ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶልናል። ስታዲየሙ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ታውቀዋለህ። ከጅማ ወደ ግብፅ ኢስማኢሊ ያሻገረው የዛ ዓመት ጎሉ ነው። አጥቂ ማለት ቁጥሩ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ልጁ 17 ነው ብለኸኛል። የፊፋ ህግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል፣ ያሉት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ናቸው፣ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት እዛ አገር ከገቡ። ያንተ ወንድም በነዛ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሰውዬው እውነተኛም ቢሆን ክለቡ ልጁን ማስመዝገብ አይችልም። 18 ሲሞላ ደሞ የግብዣ ደብዳቤ ከክለቡ ራሱ ነው የሚመጣው፣ ቪዛው ኤምባሲ ነው፣ ለስራ ከሆነ የስራ ፈቃድ አለ፣ የኛ ፌዴሬሽን ደሞ የዝውውር ሰርተፊኬቱን መላክ አለበት። ኤጀንት ከሆነም ከፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ክፍያውም ከተፈረመ ውል ላይ በፐርሰንት እንጂ ከእናትህ መቀነት አይደለም።

አንድ ነገር አድርግ፣ የክለቡን ስም በፅሁፍ ስጠኝ በለው። የስዊድን ፌዴሬሽን ስቬንስክ ፎትቦል በሚባለው ገፁ ላይ የታችኞቹን ሊጎች ሳይቀር ውጤትና ደረጃ ያወጣል። ክለቡን እዛ ፈልገህ በራስህ ፃፍላቸው፣ ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ ወይ ብለህ። ስም አልሰጥም ካለህ መልሱን አገኘህ።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ያየሁት ስላለ ነው። የአክስቴ ልጅ ነበር፣ አጥቂ፣ ሩጫው ገና አይኔ ላይ አለ። አክስቴ የቡና ማሳዋን ሸጣ ለደላላ ከፈለች፣ ቪዛ ዛሬ ነገ ሲባል ስምንት ወር ሄደ፣ ስልኩ ተዘጋ። ልጁ ከዛ በኋላ ኳስ አልነካም፣ ብሩ ሳይሆን እሱ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ለወንድምህ የሚሻለው፣ ፌዴሬሽን በሚያውቀው ክለብ ይመዝገብ፣ ስሙና ጎሉ ወረቀት ላይ ይስፈር። ሙሉ ጨዋታ በስልክ ይቀረፅለት፣ የሚያምሩ ቁርጥራጮች ብቻ ሳይሆን 90 ደቂቃው፣ አሰልጣኝ ማየት የሚፈልገው ኳስ ሳይይዝ ምን እንደሚሰራ ነው። የልደት ሰርተፊኬቱን በትክክለኛ እድሜው አውጡለት፣ እድሜ እንዳታስቀንሱ። 12ኛን ይጨርስ፣ እንግሊዝኛውን ያጠንክር፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስም አለ። እናታችሁን እኔ ላናግራት ካልክ ዝግጅት ክፍሉ ጋ ስልክ ተውልኝ።

ጥያቄ

ጋሼ እኔ ሴት ነኝ፣ ኮቺ ነው ሰፈሬ፣ 20 ዓመቴ ነው፣ አጥቂ ነኝ። ስዊድን ለሴት ተጫዋች ከወንዱ ይሻላል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?

መልስ

እህቴ፣ በሴቶች እግር ኳስ ስዊድን ከቀደሙት አገሮች አንዷ ነች። ትልቁ የሴቶች ሊጋቸው ዳምአልስቬንስካን ከ1988 እ.ኤ.አ ጀምሮ አለ፣ ብራዚላዊቷ ማርታ ኡሜኦ የምትባል የሰሜን ከተማ ክለብ ውስጥ ነው ስሟ የገነነው። የኛዋ ሎዛ አበራም ኩንግስባካ የሚባል የስዊድን ክለብ ሄዳ ነበር፣ ከዛ በኋላ ማልታ ቢርኪርካራ ገብታ ጎል አዘነበች። ሎዛ ግን ከመሄዷ በፊት እዚህ ደደቢት ላይ ጎል በጎል ሆና ነው የታወቀችው። አንቺ 18 አልፈሻል፣ የእድሜው ህግ አይዝሽም፣ ያንቺ ጥያቄ የትኛው የሴቶች ክለብ ትመዘገቢያለሽ የሚለው ነው፣ እሱን ፃፊልኝ።

ጥያቄ

26 ዓመቴ ነው፣ ቀን ጋራዥ እሰራለሁ፣ እሁድ እሁድ ለሰፈር ቡድን አጥቂ ነኝ። ረፍዶብኛል?

መልስ

ወደ ውጭ ለመዛወር አዎ፣ ረፍዷል፣ አልዋሽህም። ለመጫወት ግን አልረፈደም። ከላይ የፃፍኩትን የዲቪዚዮን 3 አጥቂ መልሰህ አንብበው፣ ቀን ስራ ማታ ልምምድ፣ እሁድ ጨዋታ። ያ ሰውዬ አንተ ነህ። የሚቀጥለው ጨዋታችሁ የት ሜዳ እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ላክልኝ፣ መጥቼ አያለሁ።