የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዋጋው የረከሰ ራኒንግ ባክ በድራፍት እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ባለ 12 ቡድን የፋንታሲ ፉትቦል ሊግ (በእውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች የሜዳ ውጤት ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ) ገብቻለሁ። ነጥብ አሰጣጡ ፒፒአር ነው፤ ተጫዋቹ ለተቀበለው ኳስ ሁሉ 1 ነጥብ ያገኛል። በድራፍቱ፣ ማለትም ተጫዋቾችን በየተራ በምንመርጥበት ጊዜ፣ ዕጣዬ 10ኛ ስለሆነ ታዋቂዎቹ ራኒንግ ባኮች (ኳስ ይዘው የሚሮጡት) ተራዬ ሳይደርስ ያልቃሉ። በኋለኞቹ ዙሮች ከሚቀሩት ውስጥ ጥሩውን በምን ልለየው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ስሙን ይተዉና ሥራውን ይቁጠሩ። ራኒንግ ባክ ነጥብ የሚያመጣው ኳስ ሲደርሰው ነው። የቱንም ያህል ባለ ተሰጥኦ ቢሆን አሠልጣኙ በጨዋታ 7 ጊዜ ብቻ ኳስ የሚሰጠው ከሆነ አይጠቅምዎትም። ዋጋው ረከሰ የምንለው ተጫዋች በድራፍት የሚወሰድበት ዙር ከሚጠብቀው ሥራ በጣም ወደ ኋላ የቀረ ሲሆን ነው።

ሥራ ስንል ግን ሁሉም እኩል አይደለም። በእርስዎ ሊግ 10 ያርድ 1 ነጥብ ነው እንበል። አንዱ ተጫዋች 16 ጊዜ ሮጦ 64 ያርድ አገኘ፣ አንድ ኳስ ደግሞ ተቀብሎ 6 ያርድ ጨመረ፤ ድምሩ 8 ነጥብ ነው። ሌላው 8 ጊዜ ብቻ ሮጦ 34 ያርድ፣ 5 ኳስ ተቀብሎ 38 ያርድ አገኘ፤ 12.2 ነጥብ ይሆናል። የሩጫው ቁጥር በግማሽ ያነሰው ሰው በ4.2 ነጥብ በለጠ። በግማሽ ፒፒአር (ለተቀበለው ኳስ ግማሽ ነጥብ በሚሰጥ ሊግ) ልዩነቱ ወደ 2.2 ይወርዳል፤ ለተቀበለው ኳስ ምንም በማይሰጥ ሊግ ደግሞ 7 ለ7.2 ሆኖ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ከሌላ ሊግ የተገኘ የደረጃ ዝርዝር ይዘው ወደ ድራፍት አይግቡ።

በኦገስቱ የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ ማን ብዙ ያርድ ሮጠ የሚለው ብዙም አይነግርዎትም። የሚያዩት ዋናው ኩዋርተርባክ (ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ሜዳ ላይ እያለ አብሮት የተሰለፈው ማን እንደሆነ ነው። በሰርድ ዳውን (ኳሱን ወደፊት ለማስኬድ በሚደረገው ሦስተኛ ሙከራ) ጊዜስ ማን ይቀራል? ኳስ ከጎል መስመሩ 5 ያርድ ውስጥ ሲደርስ ማን ይገባል? ለአንድ ተጫዋች ከሦስቱ ሁለቱ ከተሰጡትና አሁንም ከ8ኛ ዙር በኋላ የሚወሰድ ከሆነ ይያዙት። አዲስ ገቢ ተጫዋቾች በሰርድ ዳውን ከሜዳ የሚወጡት ብዙ ጊዜ በሩጫ ድክመት አይደለም። ወደ ኩዋርተርባኩ የሚሮጠውን ተከላካይ ማገድ ገና ስላልቻሉ ነው። ይህ በልምምድ የሚሻሻል ነገር ስለሆነ የእነሱ ጊዜ የሚመጣው ከኦክቶበር ወዲያ ነው። ባኪ ኧርቪንግ በ2024 በክለቦቹ ድራፍት በአራተኛ ዙር ተመርጦ ታምፓ ቤይ ሲገባ ከራሻድ ዋይት ኋላ ነበር፤ ወቅቱን በ1,122 የሩጫ ያርድ ጨረሰ። እንዲህ ያለውን ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው ከለቀቁት የሚጠቀመው ጎረቤትዎ ነው።

የሩጫ ብዛት ብቻውን እንዴት እንደሚያታልል የ2023ቱ የሎስ አንጀለስ ራምስ የመጀመሪያ ጨዋታ ጥሩ ማሳያ ነው። ካም ኤከርስ 22 ጊዜ ሮጦ 29 ያርድ ብቻ አገኘ፤ ካይረን ዊሊያምስ በ15 ሩጫ 52 ያርድና 2 ታችዳውን (ኳሱን ከጎል መስመሩ ማሳለፍ)። በሩጫ ቁጥር ኤከርስ ይበልጣል፤ ሜዳ ላይ ብዙ ስናፕ (ኳስ የተጀመረባቸው ጊዜያት) የቆየው ግን ዊሊያምስ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ኤከርስ ከሰልፍ ወጣ፣ ከዚያም ወደ ሚኒሶታ ተላለፈ። በአብዛኛው ሊግ ማንም ያልመረጠው ዊሊያምስ በ12 ጨዋታ 1,144 ያርድ ሮጠ። የስናፕ ቁጥሩን ሰኞ ጠዋት ያየ ሰው ማክሰኞ ማታ በዋይቨር (ማንም ያልያዛቸው ተጫዋቾች በሚጠየቁበት) ጠይቆ አገኘው።

አሁን ወደ ዕጣዎ። በእባብ ድራፍት (ተራው በየዙሩ በሚገለበጥበት) ከ10ኛ ቦታ የሚመርጡት በ10፣ 15፣ 34፣ 39፣ 58፣ 63፣ 82፣ 87፣ 106 እና 111 ላይ ነው። ከ10 እስከ 15 ባለው መካከል 4 ተጫዋች ብቻ ይወሰዳል፤ ከ15 እስከ 34 ግን 18። እንግዲህ 15 ላይ ሆነው «ይቺን በሚቀጥለው እይዛታለሁ» ማለት አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርጫዎች አንድ ሥራው የተረጋገጠ ራኒንግ ባክ ይያዙ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ዙር ዋይድ ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ ተቀባይ) ላይ ያተኩሩ፤ በእነዚያ ዙሮች የሚሸጡት ራኒንግ ባኮች ውድ የሚሆኑት ዋና ተሰላፊ ተብለው ስለተጻፉ ብቻ ነው፣ ቦታቸው ግን ብዙውን ጊዜ አስተማማኝ አይደለም። ከ82 ጀምሮ ባሉት አራት ምርጫዎች ሦስት ራኒንግ ባክ ያከታትሉ። ሦስቱም አይሳካላቸውም፤ አንዱ ከበቃ ዋጋው ተመልሷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኩዋርተርባኩ ራሱ ኳሱን ይዞ ጎል መስመር ላይ የሚገፋበትን ቡድን ይጠንቀቁ። በ2023 ፊላዴልፊያ ውስጥ ዲአንድሬ ስዊፍት 1,049 ያርድ ሮጦ የሩጫ ታችዳውኑ 5 ብቻ ነበር። ጄለን ኸርትስ 15 አገባ።

ጥያቄ፦ አንደኛ ዙር የመረጥኩት ራኒንግ ባክ ቢጎዳስ ብዬ ተተኪውንም መያዝ አለብኝ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ የራስዎን ተተኪ ከመያዝ የሌላውን ሰው ተተኪ መያዝ ይሻላል ባይ ነን። የራስዎ ዋና ተጫዋች ሲጎዳ ተተኪው የሚያደርግልዎት ነገር ጉድለቱን መሙላት ነው። የተቀናቃኝዎ ሲጎዳ ግን እሱ ሲጎድል እርስዎ ይጨምራሉ።

ደግሞም ተተኪው ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ካልታወቀ ምርጫዎን አያባክኑ። በ2024 በብዙ ድራፍት አንደኛ የተወሰደው የሳን ፍራንሲስኮው ክርስቲያን መካፍሪ ነበር። ኢላይጃ ሚቸልን ለመጠባበቂያ ቀድመው የያዙ ሰዎች እሱ ራሱ ኦገስት ላይ ተጎድቶ ከወቅቱ ውጭ ሲሆን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። መካፍሪም የመጀመሪያውን ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ፤ ጆርዳን ሜሰን 28 ጊዜ ሮጦ 147 ያርድና አንድ ታችዳውን አመጣ። ከ13ኛ ዙር በኋላ ቢሆን አንድ ቦታ ለእንዲህ ያለው ተጫዋች መስጠት አይከፋም። በ9ኛ ዙር ግን ውድ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ብዙ ታችዳውን ያገባውን መምረጥ ስህተት ነው? (ከሲያትል፣ ዋሽንግተን)

መልስ፦ ለታችዳውኑ ብለው ከፍለው ከሆነ፣ አዎ። ራሂም ሞስተርት በ31 ዓመቱ በ2023 ለማያሚ 18 የሩጫ ታችዳውን አገባ፤ ሊጉን መራ። በዚያ ዓመት ዘግይቶ የያዘው ሰው አተረፈ። በ2024 ያገባው ግን 2 ብቻ ነው፤ ሥራው ለዲቮን ኤቻን ሄደ። የስናፕና የተቀበለው ኳስ ብዛት ከዓመት ዓመት የተሻለ ይጸናል።

ጥያቄ፦ ድራፍታችንን መቼ እናድርግ? ጓደኞቼ በኦገስት መጀመሪያ ይላሉ። (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ ይዘግይ። ክለቦች ዝርዝራቸውን ወደ 53 ተጫዋች ካወረዱ በኋላ፣ ማለትም ከኦገስት መጨረሻ እስከ ወቅቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ድረስ ባሉት ቀናት ያድርጉት። በ2020 ጃክሰንቪል ሌናርድ ፎርኔትን ያሰናበተው ኦገስት 31 ነበር። ቦታውን የወሰደው በድራፍት ማንም ክለብ ያልመረጠው ጄምስ ሮቢንሰን በዚያው ወቅት 1,070 ያርድ ሮጠ። ጓደኞችዎ ቀኑን አንለውጥም ካሉ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምርጫዎች ለመከላከያ ቡድንና ለኪከር (ኳስ መቺ) አያውሉ። ሊጉ ከፈቀደ በቦታቸው ሁለት ራኒንግ ባክ ያስቀምጡና ወቅቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሥራ ያላገኘውን ለቀው ኪከሩን ያኔ ይውሰዱ።