የልገሳው ዶላር የት ይገባል? ጥያቄና መልስ

ዋሽንግተን አካባቢ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን ሒሳብ ስይዝ 11 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ስለ ፖለቲካ ድርጅቶች ገንዘብ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም። የአሜሪካ ነገር ሳወራ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጥ፦ ሲ3፣ ሲ4 ሲባል እሰማለሁ። ልዩነታቸው ምንድነው?

የግብር ሕጉ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን የሚከፍልባቸው መደቦች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የኮሚኒቲ ማዕከሉ በአብዛኛው ሲ3 ነው። ለሲ3 የሰጠኸው፣ በተለይ ወጪህን ዘርዝረህ የምታቀርብ ከሆነ፣ ግብር ከሚታሰብበት ገቢህ ላይ ይቀነስልሃል። በምላሹ ድርጅቱ የምርጫ እጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም። ይሄ ከ1954 ጀምሮ ሕግ ነው። ሲ4 ግን ዋና ሥራው እስካላደረገው ድረስ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ለሱ የሰጠኸው አይቀነስልህም። ስምህም ለሕዝብ አይወጣም።

ጥ፦ ለምርጫ የሚወጣ ገንዘብ ይመዘገባል ይሉን የለ እንዴ? ስሙ የት ይጠፋል?

ይመዘገባል። የሚመዘገበው ግን የመጨረሻው እጅ ነው። ባለሀብቱ ለሲ4 ይሰጣል። ሲ4ው ለሱፐር ፓክ፣ ማለትም ለምርጫ ቅስቀሳ ያለ ጣሪያ ገንዘብ ለሚሰበስብና ለሚያወጣ ቡድን፣ ይሰጣል። ሱፐር ፓኩ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይገዛና ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ሲያሳውቅ የሲ4ውን ስም ይጽፋል። ከሲ4ው ጀርባ ማን እንዳለ ማንም አይጠይቀውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ሲቲዝንስ ዩናይትድ በሚባለው ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በዚህ መንገድ ለሚሄድ ገንዘብ ጣሪያ የለውም።

ባሪ ሳይድ የሚባል የቺካጎ ነጋዴ አለ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያውን አክሲዮን ማርብል ፍሪደም ትረስት ለሚባል የወግ አጥባቂዎች ድርጅት ሰጠ። ድርጅቱ በ2021 ኩባንያው ሲሸጥ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ። ሰውዬው ራሱ ሸጦ ብሩን ቢሰጥ ኖሮ ከትርፉ ላይ ከባድ ግብር ይቆረጥ ነበር። ጋዜጦች ነገሩን ያወቁት በ2022 ነው። ዴሞክራቶች በዚህ ሲጮሁ እሰማለሁ፤ ሲክስቲን ሰርቲ ፈንድ የሚባለው የነሱ ወገን ሲ4 ግን በ2020 ምርጫ ዓመት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። የሱም ለጋሾች ስም አይወጣም።

ጥ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የመንግሥቱ ነው። ከደሞዜ የሚቆረጠው ለፖለቲካ ይውላል?

በወረቀት፣ አይውልም። የፌዴራል ግራንት፣ ማለትም መንግሥት ለድርጅቶች ለሥራቸው የሚሰጠውን ገንዘብ፣ ለሎቢም (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት) ለምርጫም ማዋል ክልክል ነው። ሎቢ የሚያደርግ ሲ4 ከ1995 ወዲህ ግራንቱን መቀበል ራሱ አይችልም።

በተግባር ግን ብዙ ሲ4ዎች ግራንት መቀበል የሚችል ሲ3 እህት ድርጅት አላቸው። አንድ የሠራሁበት ቢሮ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ሁለቱም አንድ ፎቅ ላይ ነበሩ። አንድ ኪራይ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ የቡና ማሽን። በየወሩ ይሄን ሁሉ ለሁለት መክፈል የኔ ሥራ ነበር። የቡናውን ፍሬ ሳይቀር! ኪራዩ ቀላል ነው። ጣጣው የሰው ሰዓት ነው። ሰኞ ለሲ3፣ ማክሰኞ ለሲ4 የሚሠራ ልጅ ነበረን። ታይም ሺቱን አርብ ከሰዓት፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ በር ላይ ቆሞ ነው የሚሞላው። አምስቱንም ቀን "ሲ3፣ 8 ሰዓት" ብሎ። እመልስበታለሁ፣ ይነጫነጫል፣ ሁለቱን ይቀይርና ይሄዳል። ኦዲተር የሚያየው ያንን ወረቀት ነው።

ሌላም ነገር አለ። እድር አስቡ። ለድንኳን የተዋጣው ለድንኳን ብቻ ይውላል እንበል። ድንኳኑን ሌላ ሰው ከከፈለልህ ግን ለድንኳን የያዝከው ብር ለንፍሮ ይተርፍሃል። መንግሥት የሲ3ውን ፕሮጀክት ሲሸፍን ከግል ለጋሽ የመጣው ነፃ ይሆናል። ሕግ አልተጣሰም፤ የመንግሥት ብር ለፖለቲካ ይውላል የሚሉት ተቺዎችም ቢሆኑ አልተሳሳቱም።

ጥ፦ ጋሼ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄደውስ?

ለዴሞክራሲ ሥራ የሚሄደው አንዱ መንገድ ኤንኢዲ ነው። በ1983 የተቋቋመ የግል ድርጅት ነው፤ ብሩ ግን ከኮንግረስ ይመጣል። ከሱ ከሚወስዱት ውስጥ ኤንዲአይ ለዴሞክራቶች፣ አይአርአይ ለሪፐብሊካኖች የቀረቡ ናቸው። ሁለቱንም መንግሥታችን በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ከአገር አስወጥቷቸዋል። በ2001 ደግሞ አዋጅ 621 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ለኢሰመጉ (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ) ዓይነቱ ድርጅት ይሄ አንገት ማነቅ ነበር። በ2011 በአዋጅ 1113 ተሻረ። ብዙዎቹ ቀና አሉ ስንል አሜሪካ በጃንዋሪ 2025 አብዛኛውን የውጭ እርዳታዋን አቆመች፤ ዩኤስኤይድም በዚያው ክረምት ተዘጋ።

ጥ፦ ለአንድ የኛ ድርጅት ልሰጥ ነው። ምን ላጣራ?

ፎርም 990፣ ማለትም በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገቡትን ሪፖርት፣ አሳዩኝ በያቸው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካልሆኑ በቀር ለጠየቀ ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። የኃላፊዎቹን ደሞዝ እና ከመንግሥት የመጣውን እዪ። ለጋሾች የሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ ስሞቹ ተሸፍነው ታገኛለሽ፤ አትደንግጪ፣ ሕጉ ነው። ገቢው በዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ድርጅት አጭር ማስታወቂያ ብቻ ስለሚልክ ብዙ የምታዪው የለም። እንደዚያ ከሆነ ገንዘብ ያዡን ቡና ጋብዢው። የማስገባት ግዴታ ያለበት ድርጅት ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገባ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱ ተሰርዟል ማለት ነው።

ጥ፦ ጎፈንድሚ ላይ ለታመመ ልጅ የሰጠሁት ከግብር ይቀነስልኛል?

ለግለሰብ ከሆነ አይቀነስም። እግዜር ይስጥልኝ ግን።