የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ኦቶማቲክ ካምቢዮ በግቢ ውስጥ ይቀየራል ወይ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዋ ከ20 ዓመት ያለፈ፣ በፊት ጎማዎቿ የምትስብ፣ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላት አነስተኛ የቤት መኪና አለችኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ማርሹን «ዲ» ላይ ሳደርገው ቆየት ብላ ነው የምትነሣው። ከወር በፊት ከሸዋ ሮቢት ስመለስ የጣርማበርን ዳገት እንደ ጀመርኩ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አልሄድ አለች። ደብረ ሲና አደርኩና በማግሥቱ በጭነት መኪና በገመድ አስጎትቼ ደብረ ብርሃን አስገባኋት። ዘይቱ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ አምጥተን ከወንድሜ ጋር በግቢያችን ልንቀይረው አስበናል። ሁለታችንም ፍሬንና ፍሪሲዮን ፈትተን ገጥመናል። ይቻላል? ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ይቻላል። ፍሪሲዮን ለመቀየር የማንዋል ካምቢዮ ያወረደ ሰው የሥራውን ግማሽ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ተቀይሮ የገባ ያገለገለ ካምቢዮ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ሲበላሽ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜም ጥፋቱ የካምቢዮው ሳይሆን የፊተኛውን ያቃጠለው ምክንያት ከመኪናው ሳይወጣ በመቅረቱ ነበር። ስለዚህ አንድም ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ምክንያቱን እንድትፈልጉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ከራዲያተሩ ጀምሩ። በአብዛኞቹ የዚያ ዘመን መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ታንክ ውስጥ በተቀመጠ ማቀዝቀዣ ውስጥ እያለፈ ነው። ይህ ማቀዝቀዣ ዝጎ ከተበሳ ውሃው ከዘይቱ ይቀላቀልና ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ውሃውም በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የፍሪሲዮን ሳህኖች ሽፋናቸው የተጣበቀበትን ሙጫ ያላቅቀዋል። የእርስዎ ዘይት ጠቆረ እንጂ አልነጣም፤ ስለዚህ ካምቢዮውን የጎዳው ውሃ ሳይሆን ሙቀት ይመስለኛል። ያም ሆኖ ከተቃጠሉት ሳህኖች የተፋቀው ጥቁር ደለል ያንኑ መንገድ ተከትሎ ማቀዝቀዣው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ቱቦዎቹንና ማቀዝቀዣውን ሳታጥቡ ሌላ ካምቢዮ ብትገጥሙ ደለሉ ወይ መንገዱን ዘግቶ አዲስ የገባውን ያግለዋል፣ ወይ ተመልሶ ውስጡ ይገባል። ታጥቦም ዘይቱ በነፃ የማያልፍበት ከሆነ ራዲያተሩን ቀይሩ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ገመዱ ነው። በብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ነዳጅ ስትረግጡ የሚሳብ ቀጭን የብረት ገመድ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው ይወርዳል፤ ሥራውም ሞተሩ በበረታ ቁጥር በካምቢዮው ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት እንዲጨምር ማድረግ ነው። ገመዱ ላልቶ ከቆየ ግፊቱ ያንሳል፣ ሳህኖቹም ጥብቅ ብለው መያዝ ሲገባቸው እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ፤ ይህም በሜዳ ሳይታወቅ ቆይቶ እንደ ጣርማበር ባለ ዳገት ላይ ይገለጣል። በተጨማሪም በዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም የረጅም መንገድ ከፍተኛ ማርሽ፣ ጠፍቷል) የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይል ከነበረ የኤሌክትሪክ ጉድለት ሊኖር ስለሚችል ሽቦውንና ሶሌኖይዶቹን (በኤሌክትሪክ የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉትን ቫልቮች) አስመርምሩ።

ስለ መጎተቱ አንድ ነገር ልናገር። ኦቶማቲክ ካምቢዮ በውስጡ ዘይት የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን ባለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የፊት ጎማዎቿ መሬት ላይ እየዞሩ ስትጎተት የካምቢዮው ማርሾችና የሚዞሩ ክፍሎች ያለ በቂ ዘይት ሲፋተጉ ነበር። ከዚያ በፊት ተርፎ የነበረ ነገር ቢኖር እንኳ በዚህ ሳይጎዳ አልቀረም፤ ስለዚህ አሮጌውን ከማስጠገን ይልቅ ለመቀየር መወሰናችሁን እደግፋለሁ። ወደፊት እንዲህ ቢገጥማችሁ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ተነሥተው ትጎተት፣ ወይም በሌላ መኪና ላይ ተጭና ትምጣ።

ለግዢ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት በሞተሩ ክፍል ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈችው የመረጃ ሳህን የካምቢዮውን መለያ ገልብጣችሁ ያዙ። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም መለያው ካልገጠመ አትግዙ። ካምቢዮውን ከነቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው ከሚያስተላልፈው ክብ ክፍል ጋር፣ ውሰዱት። ሻጩ ከፈቀደ የታችኛውን የዘይት ሳህን አስከፍቱና በውስጡ ያለውን ማግኔት ተመልከቱ፤ እንደ አመድ የላመ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፣ በጣት የሚለይ የብረት ስባሪ ካለ ግን ትታችሁ ሂዱ። ቤት ስትደርሱ ማጣሪያውን፣ የቶርክ ኮንቨርተሩን አንገትና ሁለቱን የጎማ ዘንጎች የሚያቅፉትን የዘይት ማገጃ ጎማዎች ገና መሬት ላይ ሳለ ቀይሩ። ከገባ በኋላ አንዷ ብታንጠባጥብ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

ሥራውን ሲሚንቶ በሆነ ደልዳላ መሬት ላይ እንጂ አፈር ላይ አትጀምሩ። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ አግዱ፤ መኪናዋንም በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፏት። በክሪክ ብቻ ወይም በተደራረበ ድንጋይ ላይ የቆመች መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም፣ ካምቢዮው ራሱ የአንድ ጎልማሳ ሰው ያህል ስለሚከብድ ሲወርድ መኪናዋን ይንጣታል። ባትሪውን ከነጌቲቩ ጀምራችሁ ፍቱ። ሞተሩ በአንድ ወገን የተንጠለጠለው በካምቢዮው መቀመጫ ስለሆነ መቀመጫው ከመፈታቱ በፊት ሞተሩን ከሥሩ በጣውላና በሁለተኛ ክሪክ ደግፉት። ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን)፣ የጎማ ዘንጎቹን፣ የዘይት ቱቦዎቹንና ሽቦዎቹን ፈትታችሁ ስትጨርሱ ቶርክ ኮንቨርተሩን ከሞተሩ ክብ ሳህን ጋር ያያያዙትን ብሎኖች በታችኛው ቀዳዳ በኩል አንድ በአንድ አውጧቸው፤ ኮንቨርተሩ ከካምቢዮው ጋር አብሮ መውረድ አለበት።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው መመለሱ ነው። ኮንቨርተሩን ንጹሕ ዘይት አጠጥታችሁ በካምቢዮው ዘንግ ላይ ስታስገቡት ወደ ውስጥ እየገፋችሁ በቀስታ አዙሩት። ሲዞር በተለያየ ጥልቀት ያሉ ጥርሶችን ያገኛል፤ ባገኘ ቁጥርም እጃችሁ ላይ «ቀጭ» የሚል ስሜት ሰጥቶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አንዴ ሲሰምጥ የገባ ይመስላል፣ ግን የመጨረሻውን፣ የፓምፑን ጥርስ፣ አላገኘም። በወጣትነቴ በሠራሁበት ጋራዥ አንድ ባልደረባዬ ይህን ሳያረጋግጥ በካምቢዮውና በሞተሩ መካከል የቀረውን የአንድ ጣት ክፍተት በብሎን እየሳበ ሲዘጋው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ብሎኖቹ ጠበቁ፣ ክፍተቱም ተዘጋ፤ ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ግን ፓምፑ ተሰብሮ ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ብቻ ተገፍቶ ሊገናኝ ይገባዋል። ካልተገናኘ አውርዱና እንደገና ሞክሩ። ከተገናኘ በኋላም ኮንቨርተሩ በጣት ሲነካ በነፃ መዞር አለበት፤ ወደ ሞተሩ ሳህን ለመቅረብም ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊቀረው ይገባል።

ዘይቱ የመኪናዋ መመሪያ የሚያዝዘው ዓይነት ይሁን፤ ባዶ ካምቢዮ እንደ ሞዴሉ ከ6 እስከ 8 ሊትር ስለሚወስድ አስቀድማችሁ ግዙ። መጀመሪያ 4 ሊትር ያህል ጨምራችሁ ሞተሩን አስነሡና ወዲያው ደረጃውን እያያችሁ ጨምሩ። ከዚያ ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከ«ፒ» እስከ «ኤል» እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ እያቆያችሁ አመላልሱት። በአብዛኞቹ መኪኖች የመጨረሻውን ደረጃ የምታነቡት ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹ «ፒ» ላይ ሆኖ ነው። በደብረ ብርሃን ውርጭ ማለዳ ዘይቱ ስለሚወፍር መኪናዋ ትንሽ ዘግይታ ብትነሣ አትደንግጡ፤ ፍርዳችሁን ከሞቀች በኋላ ስጡ። ያወጣችሁትን አሮጌ ዘይት በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚረከብ ጋራዥ ስጡ እንጂ ወደ ቦይ አታፍስሱት፣ በሬሳ ወንዝ ይገባልና።

ለመጀመሪያው ሳምንት ከተማ ውስጥና በሜዳው መንገድ ብቻ ንዱ። በየማለዳው ከሥሯ ካርቶን ዘርግታችሁ ጠብታ መኖሩን እዩ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ደረጃውንና የዘይቱን ሽታ እንደገና መርምሩ። ቀይነቱን ካልለቀቀና ሽታው ካልተለወጠ የጣርማበርን ቁልቁለት በ«2» ወይም በ«ኤል» ውረዱ፣ ስትመለሱም ኦቨርድራይቩን አጥፍታችሁ ውጡ።